በቤት ስለሚሠራው የብር ውሃ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል የከሰዓት ክፍለ ጊዜ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ጤና አንድ ሃያ ደቂቃ ተናገሪልን» ሲሉኝ የጠበቁት ስኳርና ደም ግፊት እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ ሐኪሞች በእንዲህ ዓይነት በዓል ላይ የምንታወቀው የበላችሁትን ጮማ በማስቆጨት ነው። ዛሬ ጮማችሁን አልነካም። የምናገረው ስለ ብር ነው። ብር ስል የኢኮኖሚክስ ልጆች ቀና ሲሉ አየሁ፤ ይቅርታ፣ ስለ ምንዛሪ አይደለም። እናቶቻችን የአንገት መስቀል ስላሠሩበት ማዕድን ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ሰዎች ማድ ቤታቸው ውስጥ በኤሌክትሪክ ውሃ ላይ አሟምተው ስለሚጠጡት ብር ነው። ኮሎይዳል ሲልቨር ይሉታል። እኔ የብር ውሃ እለዋለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ከተማ ነው። ስሙ ሲተረጎም «የብር ምንጭ» ማለት ነው፤ ብዙዎቻችሁም ዘመድ አላችሁበት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤፍዲኤ፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚያው ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት በነሐሴ 1999 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ባወጣው ደንብ፣ ኮሎይዳል ሲልቨር ወይም የብር ጨው ያለበት ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ሁሉ ደህንነቱም ፈዋሽነቱም ተቀባይነት የለውም ብሏል። በሽታ እፈውሳለሁ እስካላለ ድረስ ግን እንደ ምግብ ማሟያ መሸጡ ቀጠለ። በመጋቢት 2020 ኮሮና ሲመጣ ኤፍዲኤ ከንግድ ኮሚሽኑ ጋር ሆኖ «ኮሮናን ያድናል» እያሉ ለሚሸጡ ሰባት ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከ፤ ከሚሸጡት ውስጥ የብር ውሃ ነበረበት። ደብዳቤው ለሻጭ ነው። ቤቱ ሠርቶ ለሚጠጣ ሰው ደብዳቤ የሚልክለት የለም። የኔም ጉዳይ ከእሱ ጋር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ችግሩም ቀላልነቱ ነው። ሁለት የጠራ ብር ሽቦ፣ 999 የተባለው። አንድ ብርጭቆ ዲስቲልድ ውሃ። ሦስት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ተቀጣጥሎ 27 ቮልት። አንዱን ሽቦ ከፖዘቲቩ፣ ሌላውን ከኔጌቲቩ ጋር ማያያዝና ሳይነካኩ ውሃው ውስጥ ማቆም፣ ከዚያ መጠበቅ። ፖዘቲቩ ላይ እያንዳንዱ የብር አቶም አንድ ኤሌክትሮን እየጣለ አዮን ሆኖ ወደ ውሃው ይገባል። ኔጌቲቩ ላይ ሃይድሮጅን በጥቃቅን አረፋ ይወጣል። ሽቦው ጥቁር ግራጫ ዝቃጭ ይይዛል፤ በጨርቅ እየጠረጉ ይቀጥላሉ። ውሃው መጀመሪያ መልክ የለውም፤ ሲቆይ ወደ ቢጫ ያደላል። ቢጫ የሚሆነው ጥቂቱ ብር ተሰባስቦ ቅንጣት ስለሚሠራና ያ ቅንጣት ሐምራዊና ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ስሙ ኮሎይድ ይባል እንጂ በዚህ ዘዴ የሚገኘው አብዛኛው ብር ተንሳፋፊ ቅንጣት ሳይሆን እንደ ጨው የሟሟ አዮን ነው። ስለዚህ ስሙ ራሱ ትንሽ ያታልላል። ትዕግሥት ያጣው ደግሞ እንዲፈጥን ጨው ይጨምርበታል፤ ያኔ የሚያገኘው ነጭ ደመና ሲልቨር ክሎራይድ ነው።

አራት ኪሎ የፍሬሽማን ኬሚስትሪ የተማራችሁ ፋራዴይን ታስታውሳላችሁ። ፈተና ላይ ያስለቀሰን ሕግ ነው፤ እዚህ ግን ወዳጃችን ነው። አንድ ኩሎም ኤሌክትሪክ 1.118 ሚሊ ግራም ብር ያሟማል። ቁጥሩ በጣም የታመነ ስለሆነ የዓለም መሐንዲሶች እስከ 1948 ድረስ አንድ አምፔርን የተረጎሙት በብር ነበር፤ ከሲልቨር ናይትሬት ውህድ በሰከንድ 0.001118 ግራም ብር የሚያስቀምጥ ጅረት አንድ አምፔር ነው ይሉ ነበር። እንግዲህ አንድ ሚሊ አምፔር ለአንድ ሰዓት ቢሄድ 4 ሚሊ ግራም ብር ወደ ውሃው ይገባል። ውሃው ሩብ ሊትር ከሆነ በሊትር 16 ሚሊ ግራም ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ቢወስደው ችግር አያመጣም ብሎ ያስቀመጠው መጠን በኪሎ ክብደት 5 ማይክሮ ግራም ነው። ለ60 ኪሎ ሰው 0.3 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ያችን ሩብ ሊትር ጨልጦ የጠጣ የ13 ቀን ድርሻ በአንድ ቀን ወሰደ። እዚህ ድረስ ሒሳብ ነው፣ ማንም አይጣላም። አሁን ወደ ሰው ልምጣ።

ሁለቱም ታሪካቸውን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ የሚለያቸውን ነገር ግን ትቻለሁ። ስድሳዎቹን የያዙ እናት ናቸው። የታይሮይድ ዕጢያቸው ስለደከመ ለዓመታት ሌቮታይሮክሲን ይወስዳሉ። እኔ ጋ የመጡት ከሌላ ክሊኒክ ነው። ቲኤስኤች የምንለው የደም ምርመራ ከፍ እያለባቸው መድኃኒቱ ሁለቴ ተጨምሮላቸዋል፤ እሱ ግን አልወርድ ብሏል። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት። «ሰው ሁሉ ጠቆርሽ ይለኛል» አሉኝ። «ጉበቴ ይሆን?»

«እትዬ፣ ክኒኑን እንዴት ነው የሚወስዱት?»

«እንዳላችሁኝ ነው ልጄ። ጠዋት በባዶ ሆዴ፣ በውሃዬ።»

በውሃ አላሉም። በውሃዬ ነው ያሉት። እንግሊዝኛ የሚናገር ሐኪም ይህችን «ዬ» የሚሰማበት ዕድል የለውም፤ አስተርጓሚውም ቢሆን ይውጣታል። «ውሃዎ ምንድን ነው?» ስላቸው፣ ባለቤታቸው ኮሮና ከመጣ ጀምሮ በቤት የሚሠሩላቸው የብር ውሃ መሆኑን ነገሩኝ። ጠዋት ከክኒኑ ጋር አንድ ሲኒ፣ ማታ አንድ ሲኒ። «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» የሚለው ጥያቄ በፊትም ተጠይቀዋል፤ የለም ብለዋል። አልዋሹም። ውሃ መድኃኒት ነው የሚል ማን አለ?

ብር በሆድ ውስጥ ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጋር ይያያዝና ወደ ደም እንዳይገቡ ያደርጋል። ከሚታወቁት ውስጥ ታይሮክሲን አለበት፤ ቴትራሳይክሊንና ሲፕሮ የሚመደቡባቸው የአንቲባዮቲክ ወገኖችም አሉበት። ሴትዮዋ ክኒኑን በትክክለኛው ሰዓት፣ በባዶ ሆድ፣ ሥርዓቱን ሳያጓድሉ፣ ከሚያስቀረው ነገር ጋር ነበር የሚውጡት።

እጃቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አመጣሁት። ከጥፍር ሥር ያለችው ግማሽ ጨረቃ ነጭ መሆን ነበረባት፤ የእሳቸው ሰማያዊ ግራጫ ሆናለች፣ በአሥሩም ጣት። ኦክስጅናቸው ሙሉ ነው። ቆዳውን ስጫነው መልኩ አይለቅም። እዚህ ላይ ለሐኪሞቻችን አንድ ነገር ልናገር። የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው የአርጂሪያ ፎቶ ሁሉ ነጭ ሰው ነው፤ ፊቱ እንደ ኮባልት ሰማያዊ። በእኛ ቆዳ እንደዚያ ሆኖ አይመጣም። ጠይምነቱ ወደ አመድና ወደ ጥላሸት ያደላል፤ ፀሐይ የሚያገኘው ግንባር፣ አፍንጫና የእጅ ጀርባ ላይ ይበልጣል፤ ዘመድ «ጠቆርሽ፣ ከሳሽ» ይላል፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ድድ ይታይ ይላል መጽሐፉ። እትዬ ድዳቸውን በልጅነታቸው ተነቅሰዋል! ንቅሳት ባለበት ድድ ላይ ብር ምን ሊያሳይ? ስለዚህ ጥፍርና የዓይን ነጩን እዩ። የተቆረጠው ቆዳ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ ላብ አመንጪ ዕጢዎቹን የከበቡ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች አሉ። እትዬም ጋ አገኘናቸው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤታቸው ደብተር ይዘው መጡ። አምስት ኪሎ የወጡ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናቸው፤ ከኔ በብዙ ዓመት ይቀድማሉ። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆች መሆናችንን ሲያውቁ «ዶክተር» ማለቱን ትተው «ልጄ» አሉኝ፣ እኔም «ጋሼ» አልኳቸው። ደብተሩ እውነቱን ለመናገር ከብዙ የሕክምና ካርድ ይበልጣል። በካሬ ወረቀት ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቮልት፣ የውሃው መጠን፣ የሽቦው ክብደት። እንዲህ ያለውን ሰው «አላዋቂ» ብለን እንዳናልፍ ነው ይህን የምነግራችሁ። የብር ውሃ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ጠንቃቃ ሰው ነው። ቁጥር ይወዳል፣ ያነባል፣ ንጽሕና ያውቃል። ሐኪም ቤት ገብቶ ደግሞ የተረዳው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ማንም እንደማያናግረው።

አብረን ቁጭ ብለን ሠራነው። ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ሁለት ሰዓት። መጀመሪያ ላይ የለኩት ጅረት 0.2 ሚሊ አምፔር ነበር። በዚያ ሲሰላ 1.6 ሚሊ ግራም፣ በሊትር 3 ገደማ። «ሦስት ነው ልጄ፣ ሦስት ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። «ጋሼ፣ መጨረሻ ላይስ ለክተውታል?» ዝም አሉ። መሐንዲስ ናቸውና የጥያቄውን መድረሻ ከኔ ቀድመው አዩት። ዲስቲልድ ውሃ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ለማለት ይቻላል። ብሩ አዮን ሆኖ በገባ ቁጥር ግን ውሃው እያስተላለፈ ይሄዳል፤ ቮልቱ ያው 27 ስለሆነ ጅረቱ ይወጣል፤ ጅረቱ ሲወጣ ደግሞ የበለጠ ብር ይገባል። ራሱን የሚያፋጥን ነገር ነው። እቤት ሄደው በየአሥር ደቂቃው ለኩት። መጨረሻው 3 ሚሊ አምፔር ሆነ። አማካዩ አንድ ተኩል ገደማ፤ በሁለት ሰዓት 12 ሚሊ ግራም፣ በሊትር 24። ከገመቱት ስምንት እጥፍ። ከዚህ ላይ በዝቃጭና በሽቦው ላይ የሚቀር አለ፤ ስለዚህ 24 ጣሪያው ነው እንበል። ሁለት ሲኒ 130 ሚሊ ሊትር ቢሆን በቀን 3 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ካልኳችሁ 0.3 አሥር እጥፍ። በአራት ዓመት አራት ግራም ተኩል። አንድ ጠገራ ብር ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23 ግራም ከምናምን ስለሆነ፣ እትዬ ከአንድ ማሪያ ቴሬዛ አምስተኛውን ያህል ጠጥተዋል። አብዛኛው በሰገራ ይወጣል። የቀረው ግን ቀርቷል።

«መለኪያ አለኝ እኮ» ብለው ብዕር የሚመስለውን የውሃ መለኪያ አወጡ፤ ቲዲኤስ የሚባለውን። ብዙ ሰው የሚተማመነው በእሱ ነው። እሱ ግን ብርን አይለካም፤ ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ለክቶ፣ የገበታ ጨው ወይም መሰል ጨው ቢሆን ኖሮ ስንት ይሆን ነበር ብሎ ነው ቁጥር የሚሰጠው። ቅንጣት የሆነውን ብር ጭራሽ አያየውም። ማየት የሚችል መሣሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው ያለው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ጋሼ ደብተሩን ዘጉና «እኔ እኮ ለእሷ ብዬ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። እትዬ ሳቁ። «ተወው ዶክተር» አሉኝ፣ «ወርቁን በጣቴ አጠለቀልኝ፣ ብሩን ደግሞ በጥፍሬ ጨመረበት።» እኔም መሳቅ የቻልኩት እሳቸው ቀድመው ስለሳቁ ነው።

የጠየቁኝ ቀጣይ ጥያቄ «መቼ ይለቃል?» ነበር። አይለቅም። ይህን ለመረዳት እኔና የዘመኔ ልጆች የራጅ ፊልም በዳርክ ሩም ሲታጠብ ያየን የመጨረሻዎቹ ሳንሆን አንቀርም። ያ ፊልም ላይ የተቀባው የብር ጨው ነው። ብርሃን ሲነካው፣ ከዚያም ዴቨሎፐሩ ውስጥ ሲገባ፣ የብር ጨው ወደ ጥቁር ብር ይለወጣል፤ ምስሉ እሱ ነው። የቆዳችን ነገርም በዚህ መንገድ ነው የሚሄደው። በደም የመጣው ብር ቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ወደ ብር ብናኝ ይለወጣል፤ ከዚያ ከድኝና ከሴሌኒየም ጋር ተያይዞ የማይሟሟ ነገር ይሆናል። ፀሐይ የሚያገኘው ፊት ከተሸፈነው ሆድ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ብረትን ወይም እርሳስን ከሰውነት የምናወጣባቸው መድኃኒቶች እዚህ አይሠሩም። ሌዘር በአንዳንድ ሕሙማን ላይ መልኩን አቅልሎታል፤ ግን ያማል፣ በትንሽ በትንሽ ቦታ ነው የሚሠራው፣ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። አርጂሪያ አይገድልም። ሰው ግን በፊቱ ነው የሚኖረው።

አሁን ጋሼ ያነሱትን፣ እናንተም በልባችሁ ያላችሁትን ክርክር ላንሳ፦ «ብር እኮ ጀርም ይገድላል፤ እናንተም ትጠቀሙበታላችሁ።» እውነት ነው፤ ለብር ያለኝን አክብሮት ሳልናገር ብወርድ አድላዊ እሆናለሁ። ካርል ክሬዴ የተባለው የላይፕሲግ የማህፀን ሐኪም በ1880 አካባቢ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ዓይን ላይ 2 በመቶ ሲልቨር ናይትሬት ማንጠብ ጀመረ። ከእናቶቻቸው በሚይዛቸው ጨብጥ ዓይናቸው የሚታመመው ከመቶ አሥር ያህሉ ነበሩ፤ ወደ አንድና ከዚያ በታች ወረደ። ስንት ሰው በእሱ ጠብታ አየ! ዛሬ በእኛ ማዋለጃ ክፍል የምንቀባው የቴትራሳይክሊን ቅባት የዚያ ጠብታ ወራሽ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የሚባለው ነጭ ክሬም የቃጠሎ ክፍል ሽታና መልክ ሆኗል፤ ኢንተርን ሆኖ በቃጠሎ ክፍል ያለፈ ሁሉ ጓንቱ ላይ የቀረውን ያስታውሰዋል። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለው የጥርስ መድኃኒት በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ የሕፃናትን ጥርስ መበስበስ ያለ መሰርሰሪያ ያቆማል፣ የበሰበሰውን ቦታ በማጥቆር ዋጋ።

በነገራችን ላይ አልበርት ባርንስ የሚባል በሕክምና የተመረቀ የፊላደልፊያ ሰው ከአንድ ጀርመናዊ ኬሚስት ጋር ሆኖ አርጂሮል የተባለውን የብርና የፕሮቲን ጠብታ በ1902 ሠርቶ ሀብታም ሆነ። በገንዘቡ የሰበሰባቸው የሬኑዋርና የሴዛን ሥዕሎች ዛሬ በስሙ በሚጠራው ሙዚየም ተሰቅለዋል። ከብር ሰማያዊ የሆኑ ሰዎችና ከብር የተገዙ ሥዕሎች፣ ሁለቱም የዚያው ዘመን ውጤት ናቸው።

የዘረዘርኳቸውን ልብ በሉ። ዓይን ላይ፣ ቃጠሎ ላይ፣ ጥርስ ላይ። ሁሉም ከላይ የሚቀቡ ናቸው፤ ብሩ ከጀርሙ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በአፍ የተዋጠ ብር ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ጨጓራን ነው። ጨጓራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ የብር አዮን ከክሎራይድ ጋር ሲገናኝ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። አራት ኪሎ ክሎራይድ መኖሩን የምንመረምረው በምን ነበር? በሲልቨር ናይትሬት ነበር። ያው ምርመራ ሆድ ውስጥ ተደገመ ማለት ነው። አልፎ ደም የገባው ጥቂት ደግሞ አልቡሚንና ድኝ ያላቸው ፕሮቲኖች ይይዙታል። በላብራቶሪ ሳህን ላይ ጀርም ገደለ ማለት በሰው ውስጥ ይገድላል ማለት አይደለም፤ በረኪናም እኮ በሳህን ላይ ይገድላል። የተዋጠ ብር ለየትኛውም በሽታ እንደሚጠቅም ያሳየ አስተማማኝ የሰው ጥናት የለም።

ታዲያ ሰው ለምን ይጠጣል? ስታን ጆንስ የሚባል የሞንታና ፖለቲከኛ ነበረ፤ በ2002 ለአሜሪካ ሴኔት የተወዳደረ። 1999 ላይ፣ ኮምፒውተሮች 2000 ሲገባ ይቆማሉ በተባለበት ሰሞን፣ አንቲባዮቲክ ከገበያ ቢጠፋስ ብሎ ሰጋ። የብር ውሃ ቤቱ እየሠራ ጠጣ። ኮምፒውተሮቹ አልቆሙም፤ የእሱ ፊትና ጣት ግን ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ቀረ፣ በምርጫው ዘመቻም ዓለም ያወቀው በዚያ ሆነ። ሲሰማ ያስቃል። እኔ ግን ፍርሃቱን አልንቅበትም። መድኃኒት ይጠፋል ብሎ መፍራት ለእኛ ሀገር ሰው ተረት አይደለም። ጋሼም ያሉኝ ይህንኑ ነው፤ «በዚያ ሰሞን ሁሉም ዝግ ነበር፣ ሐኪም በስልክ ነበር፣ እኔ እጄ ላይ ያለውን አደረግኩ።» ጉዳዩ በዋናነት የአሜሪካ ነው፤ የስልክ ቪዲዮ ግን ቪዛ አይጠይቅም። የእትዬ እህት ከአዲስ አበባ ደውለው፣ ሽቦው ባይገኝ በእማማ ጠገራ ብር አይሆንም ወይ ብለው ጠይቀዋል። አይሆንም! ማሪያ ቴሬዛ ከሺህ 833ቱ ነው ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። መዳብ ደግሞ ከብር ይልቅ በቀላሉ ኤሌክትሮን ይጥላል፤ ፖዘቲቩ ላይ ከተሰቀለ ወደ ውሃው ለመግባት ብሩን አይጠብቅም። ጠገራውን ለልጅ ልጅ አስቀምጡት።

እትዬ ውሃቸውን አቆሙ፣ ክኒኑን በተራ የቧንቧ ውሃ መዋጥ ጀመሩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ወረደ፤ እንዲያውም የተጨመረው መድኃኒት ስለበዛ መቀነስ አስፈለገ። ልብ በሉልኝ፤ ውሃውን ባያቆሙ ኖሮ የሚጨመረው መድኃኒት ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ውሃውን ትተው ክኒኑን ብቻ ለሳምንታት ቢውጡ ያ ሁሉ ታይሮክሲን እየተጠራቀመ ልባቸው ላይ ይወርድ ነበር። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከጥፍሩ ቀለም ይልቅ ይህ ነው። ባርኔጣ ያደርጋሉ፣ የፀሐይ ቅባት ይቀባሉ። ጥፍራቸው እንዳለ ነው።

ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ?» ብላችሁ አታቁሙ። «ክኒኑን በምን ይውጡታል? ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ የሚጠጣ ነገር አለ?» በሉ። መልሱን ስትሰሙ ደግሞ ፊታችሁን አታጨማድዱ። ጋሼን አንድ ሐኪም ቀደም ብሎ ስቆባቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ስለ ብር ውሃው ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ሐኪሙ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፣ የሳቀው ምናልባት አምስት ሰከንድ ነው።

ለኬሚስትሪ መምህራን ያለኝ ልመና ይለያል። ይህን ነገር ለፍሬሽማን ተማሪዎች የላብራቶሪ ሥራ አድርጉት። አንዱ ቡድን ቮልቱን አጽንቶ፣ ሌላው ጅረቱን አጽንቶ የብር ውሃ ይሥራ። በፋራዴይ ሕግ ያስሉት፤ በቲዲኤስ ብዕር ይለኩት፤ ከዚያ በአቶሚክ አብዞርፕሽን ይለኩትና ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሦስቱ አይገናኙም፤ ለምን እንዳልተገናኙ መጻፍ የፈተናው ጥያቄ ይሁን። ከዚህ ግቢ በየዓመቱ የሚወጣው ተማሪ ቤቱ ሲሄድ የሰፈሩ ሰው «አንተ የተማርከው» ብሎ የሚጠይቀው ነው። የተረፈውን ውሃ መታጠቢያ ላይ አትድፉት፤ ብር በውሃ ውስጥ ላሉ ፍጥረታት መርዝ ነው። የገበታ ጨው ጨምሩበት፣ ነጩ ዝቃጭ ይውረድ፣ አጥልላችሁ ለብቻው አስቀምጡት።

መሣሪያ የለንም እንዳትሉኝ። ጋሼ የሠሩበትን ሳጥን፣ ሽቦዎቹን፣ መቆንጠጫዎቹንና የደብተሩን ቅጂ ለዲፓርትመንቱ ሰጥተዋል። ባትሪዎቹን አውጥቼ በሻንጣዬ ይዤው መጥቻለሁ። የኤርፖርቱ ፈታሽ ምንድን ነው ብሎ ጠይቆኝ «የቤት ሥራ ነው» ብዬዋለሁ። ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ አስረክባለሁ። የመጀመሪያው ቁጥር ሲወጣ እንድልክላቸው አደራ ብለውኛል፤ እባካችሁ አታስረሱኝ።